አባቴ ስለ ኤንዛይሞች የጠየቃቸው ሁለት ጥያቄዎች

ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ሴል ፕሮቲን ሲሠራ እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ከትክክለኛ ተሸካሚው ጋር እንዴት እንደሚያገናኝ ክፍል ፊት ወጥቼ እንዳስረዳ ታዘዝኩ። ትምህርቱ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ ግን በአማርኛ ለአባቴ ካላስረዳሁ የገባኝ አይመስለኝም። አባቴ ከወሎ ወደ ዓረብ አገር ተሻግሮ ዕድሜውን ተዋሂ በሚባል ወደብ ላይ ጀልባ ሲጠግን የኖረ፣ ከቁርኣን ቤት በቀር ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ነው።

ከሰዓት ከሚሰገደው የዐስር ሰላት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀመጥን።

«ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲድ አለ» አልኩት። «እያንዳንዱን የሚሸከም አር ኤን ኤ አለ። ሁለቱን የሚያጣምሩት ኤንዛይሞች ናቸው። ፕሮቲኑ የሚገጣጠምበት ሪቦዞም ደግሞ ተሸካሚውን እንጂ ጭነቱን አይመረምርም።»

«እንግዲያ ሲያጣምሩ ከተሳሳቱ በኋላ የሚያርመው የለም» አለ አባቴ። ቀጥሎም «ሁለት አሚኖ አሲዶች ቢመሳሰሉስ?» አለኝ።

ጥያቄውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

በማግስቱ ኡስታዛ የምንላት መምህርታችን ዘንድ ሄድኩ። ጥያቄውን ስትሰማ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ቫሊንና አይሶሎይሲን በጣም እንደሚመሳሰሉ፣ ቫሊን ግን በጥቂቱ እንደሚያንስ ነገረችኝ። ትንሽ ስለሆነ የአይሶሎይሲኑ ኤንዛይም ውስጥ አንዳንዴ ሾልኮ ይገባል። ለዚህም ኤንዛይሙ ሁለተኛ ጠባብ ክፍል አለው፤ ለአይሶሎይሲን ይጠበዋል፣ ቫሊን ግን ይገባና ተቆርጦ ይጣላል። ማታ ለአባቴ ስነግረው «ሱብሐነላህ! ሁለቴ ይፈትሻል ማለት ነው» አለ።

ክፍል ፊት ወጥቼ ሳስረዳ ከእሱ ጥያቄ ጀመርኩ። ስጨርስ ኡስታዛ «ይህን የጠየቀሽ ማነው?» አለችኝ።

«አባቴ።»

«የት ነው የሚያስተምረው?»

«ጀልባ ነው የሚጠግነው።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ይዘሽው ነይ» አለች።

አባቴ የተተኮሰ ነጭ ፉጣ ሽርጡን አገልድሞ መጣና ከፊት ተቀመጠ። ትምህርቱ ሲያልቅ በወደብ ዓረብኛው «ኤንዛይሙ ራሱ ፕሮቲን ነው ብላችኋል። የመጀመሪያውን ኤንዛይም ታዲያ ምን ሠራው?» አለ።

ኡስታዛ በደስታ ሳቀች።

«ያ ዐሚ፣ አጎቴ ሆይ፣ ይህን አጥርቶ የመለሰ እስካሁን የለም። ሊቃውንቱም እየፈለጉት ነው።»

አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። «እኔማ የማላውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለ።

ኡስታዛ አሁንም ለአዲስ ተማሪዎች ያንን የመጀመሪያውን ኤንዛይም ጥያቄ ታነሳለች። የጠየቀው የተዋሂ ጀልባ ጠጋኝ መሆኑንም ሳትናገር አታልፍም።