ከቆሮሶው ሥር የደበቅኩት መርፌ

ወገኖቼ፣ ዛሬ አፌን ብዘጋ ይህ ማይክራፎን ራሱ ይመሰክርብኛልና ስሙኝ። ከሐይቅ እስከ አምባሰል ጫፍ እንደ እኔ ታጋሽ ሰው አልተፈጠረም። ትዕግሥቴ ግን እስኪያሳክከኝ ድረስ ብቻ ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ቆዳዬ ሲያሳክከኝ ኖሯል። ዓሣ ነጋዴ መሆኔን ታውቃላችሁ። እጄ ተሰነጣጥቆ ሲላላጥ ደንበኛዬ ሐጂ "አንተ ሰው፣ ዛሬ ቅርፊቱ የሚራገፈው ከቆሮሶ ዓሣው ነው ከአንተ?" ብለው ሌላ ነጋዴ ዘንድ ሄዱ። ጀርባዬን በበቆሎ ቆረቆንዳ ስፈገፍግ የአንድ ቀበሌ ቆረቆንዳ ጨርሻለሁ። ባለቤቴ ጧት አንሶላ ስታራግፍ "የኔ ሆድ፣ ወፍጮ ቤት ነው ያደርነው?" ትለኛለች። በዚያ ጭንቀት ነው ወደዚህ ጉባኤ መጥቼ ለጌታ እጄን የሰጠሁት። ስሙ ይባረክ።

ጌታም ሐኪም አዘጋጀልኝ። ደሴ ያለችው የቆዳ ሐኪም "ጋሼ፣ ይህ አይተላለፍም። የሰውነትዎ መከላከያ ጠላት በሌለበት እየተዋጋ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ። ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በረዶ ከሠራ ግን አይረባም" አለችኝ። እህቴ ከውጭ በሰው እጅ ላከችልኝ። በሁለተኛው ወር እንቅልፍ ጠገብኩ። ሃሌ ሉያ!

ከዚያስ? የጸሎት ቡድኑ ቤቴ ሊመጣ ሲል ማንም ፍሪጁን ከፍቶ እንዳያይብኝ መርፌዎቹን ሱቅ ወስጄ ፍሪዘር ውስጥ ከቆሮሶው ሥር ቀበርኳቸው። ለዓሣ የበጀ ለመድኃኒት አያንስም ብዬ። እንደ ድንጋይ ደረቁ። ሐኪሟ "ይጣሉ" አለች። ሌላ እስኪመጣ ማሳከኩ ተመለሰ፤ ቆረቆንዳውም አብሮ ተመለሰ። "ጌታ ለምን ተወኝ?" ብል ባለቤቴ "እሱ መች ተወህ? የሰጠህን ከዓሣ ሥር የደበቅከው አንተ" አለችኝ። ተንበርክኬ አለቀስኩ።

አሁን አዲሱን ጀምሬያለሁ። ክርኔ ላይ ትንሽ ድርቀት ስላለ ቅባቱን አልተውኩም። ዓይኔ ቀልቶ ካያችሁኝም አረቄ አይደለም፤ መርፌው አንዳንዴ ያቀላዋል፣ ሐኪሟም ጠብታ ሰጥታኛለች። ሐጂ ትናንት እጄን ጨብጠው "አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ዓሣውን ከነጋዴው ለየሁት" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ በጌታ ታመኑ። በጸሎትም በመርፌም የሚሠራው እሱ ነው። መድኃኒት የያዛችሁ ሳታፍሩ ውሰዱ።

እኔማ ለምን ደበቅኩ? ባለፈው ፋሲካ እዚሁ ቆሜ "አንድም መድኃኒት ሳይነካኝ ተፈወስኩ" ብዬ፣ እናንተም "አሜን" ብላችሁ ነበር። የዚያን ቀን ጧት ተወግቼ ነበር የመጣሁት። ዋሽቻችኋለሁ።