ከድጃ የመከረችን ካርቱም

(ይህ አርብ የሱዳኑ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው፤ ማስታወሻውንም የጻፍኩት በዚያው ሰሞን ነው።)

ንጋት 12 ሰዓት፣ አል-ሳሃፋ

ገና ሲነጋ እኔና ታናሽ እህቴ ሰዓዳ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ እኔ ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ ወጣን። ያደርንበት ክፍል የወሎ ልጆች ተሰባስበው የተከራዩት ነው። ሁሉም የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ እረፍት የደረሳት መጥታ ታድርበታለች። ዘጠኝ ፍራሽ፣ አንድ ማራገቢያ። የተኙትን እየተራመድን ነው በሩ ጋ የደረስነው።

ሰዓዳ ካርቱም ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። እናታችን ከኮምቦልቻ በደወለች ቁጥር «ከተማው እንዴት ነው?» ትላታለች፤ እሷም «ደህና ነው» ትላለች። ሌላ የምትለው የላትም። የምታውቀው የማዳሟን ወጥ ቤትና የአትክልት ሱቁን ነው። እኔ በመተማ በኩል ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ እየጠጣሁ የመጣሁት አንድ ነገር ቆርጬ ነው፤ ሰዓዳ አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው አቅርቦላት ትበላለች፣ አንድ ሙዚየም ገብታ ታያለች። ቀኑ ደግሞ ይኸው ዛሬ ብቻ ነው። ኢጃዛ፣ እረፍት ማለት ነው፣ የሚሰጣት በወር አንድ አርብ ነው፤ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲል ከማዳሟ በር መገኘት አለባት። እኔም ነገ ጠዋት ወደ አገሬ እሳፈራለሁ።

የት እንደምንሄድ ትናንት ከድጃን ጠየቅኋት። ከድጃ የክፍሉ አንጋፋ ናት፣ አሥራ አራት ዓመት ኖራለች። በዚያውም «የካርቱም ነዋሪዎች ምን ይመክራሉ» የሚል ጽሑፍ ለምሠራበት ጋዜጣ ቃል ስለገባሁ ደብተሬን አውጥቼ ተቀመጥኩ።

«ለምግብ ካርቱም ሁለት ሰፈር ያለው አሳ ቤት ነው» አለች። «ወላሂ፣ እንደሱ ያለ የለም።»

«አድራሻው?»

«ከዶክተሩ ቤት ቀጥሎ ነዋ።»

«የትኛው ዶክተር?»

«እኔ የሠራሁበት!» ብላ እንደ ሞኝ አየችኝ። «አረንጓዴ በር አለው።»

«እሺ፣ ሙዚየምስ?»

«አባይ ዳር ያለው ትልቁ። ማሻአላህ ነው። ጥላ አለው።»

ጥላ አለው። ሙዚየም በጥላ ሲመሰገን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን ጻፍኩት።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ካርቱም ሁለት

ሱቅ ዐረቢ ከተባለው ገበያ የተሳፈርንበት ሚኒባስ፣ እነሱ ሃፍላ የሚሉት፣ መውረድ ሲፈለግ ጣት ማስጮህ ነው ሕጉ። የእኔ ጣት አልጮህ አለ። «ወራጅ!» ብዬ በአማርኛ ብጮህ ማን ይስማኝ፤ ሰዓዳ እስክትደርስልኝ ሁለት ፌርማታ አለፈን። በእግር ተመለስን።

ከዚያ አረንጓዴ በር ፍለጋ ተጀመረ። በዚያ ሰፈር አረንጓዴ በር ያልሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዱን አንኳኩተን የጥርስ ሐኪም ወጣ፣ ሌላው ጋ ውሻ ወጣ። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች። ሰዓዳ ደጋግማ ከድጃ ጋ ትደውላለች፤ ከድጃም «የሙዐሊማዋን፣ የአስተማሪዋን ቤት እለፉና ዘይነባ ከሠራችበት ፎቅ ታጠፉ» ትላለች። እነዚህ ልጆች የመንገድ ስም አያውቁም። ከተማውን የሚያውቁት በሠሩበት ቤት ነው።

በመጨረሻ አንድ ዘበኛ አዘነልን። ዶክተሩ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ በሩም ሰማያዊ ተቀብቷል። አሳ ቤቱ ግን አለ፤ ከነብረቱ ተከርችሞ።

ስልኩን ከሰዓዳ ነጠቅሁ። «ከድጃ፣ ዝግ ነው!»

«አርብ አይደለም እንዴ? ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነው የሚከፈተው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ እኮ ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር የምሄደው።»

«እሺ፣ ስንመጣ የት ጋ ብንቀመጥ ይሻላል?»

«መቀመጫውን ምን አውቄ! እኔ በጓሮ በር ነው ተቀብዬ የምወጣው፣ ለማዳም።»

ደሜ ፈላ። «በልተሽው አታውቂም ማለት ነው?»

«እስከ ቤት አቅፌው ነው የምሄደው እኮ! ሽታው አይበቃም?» አለችና ተቆጥታ ዘጋችብኝ። የተቆጣችው እሷ ናት!

ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል፣ አባይ ዳር

እንግዲያው ሙዚየሙን እናስቀድም ብለን ረክሻ ያዝን። ባለ ሦስት እግሯ መኪና ጉድጓድ ሳትመርጥ ገብታ ወጥታ ከሙዚየሙ በር ጣለችን። የተከፈተችው ትንሿ መስኮት ብቻ ናት። ከውስጥ አንድ ፊት ብቅ አለና «ከሰላት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል» ብሎ ገባ።

ሰዓዳ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ግማሹ ቀን በተዘጋ በር አለቀብኝ፤ ሰዓዳ ደግሞ በየደቂቃው ስልኳ ላይ ሰዓት ታያለች።

«እትዬ፣ ማለሽ፣ ግድ የለም። ካልሆነም ክፍላችን ሄደን እንተኛ» አለችኝ።

«አንተኛም!» አልኳት። ጮኼባት ኖሯል፤ መንገደኛው ዞሮ አየን።

7 ሰዓት ተኩል፣ ተመልሰን ካርቱም ሁለት

አሳ ቤቱ ተከፈተ። እውነቱን ልናገር፣ የከድጃ አፍንጫ አልተሳሳተም። ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ የአባይ አሳ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሎሚ፣ ዓይን የሚያስለቅስ የቃሪያ ስልስ። ሰዓዳ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ ልክ አሁን የሚጠሯት ይመስል። በልተን ሳንጨርስ አጥንቱን ሰበሰበች፣ ሳህኖቹን በልክ በልካቸው ደረበች፣ ጠረጴዛውን በሶፍት ወልውላ ተሸክማ ወደ ጓሮ ተነሣች።

ሽማግሌው አስተናጋጅ መንገድ ዘጋባት። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ! ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው?»

«ሰዓዳ፣ ምን ሆነሻል? ተይው!» አልኳት እኔም በንዴት።

«ምን ላድርግ እትዬ፣ እጄ ነው እኮ» አለች። ቁጭ አለችና እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተቻቸው።

9 ሰዓት ተኩል፣ ሙዚየሙ በር

ተከፍቷል። አልሐምዱሊላህ ልል ስል ዘበኛው እጁን ዘረጋ። ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። እኔ ነገ የምሳፈር ሰው ነኝ፤ ሰው በሚፈራረቅበት ክፍል ልተወው ስላልፈለግሁ ፓስፖርቴም ልብሴም እናቴ ጋ የምወስደው ዕቃም ጀርባዬ ላይ ነው።

«ቦርሳ የሚረከበው ሰው የት አለ?»

«ከጁምዓ አልተመለሰም።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ኢንሻአላህ።»

«እኮ፣ በስንት ሰዓት?»

«ኢንሻአላህ አልኩሽ እኮ!»

ጠበቅን። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ከሩብ ሆነ። ሰዓዳ ከአሥራ አንድ ማለፍ አትችልም።

«እትዬ፣ ቦርሳውን አምጪልኝ፤ አንቺ ግቢ» አለች። «የምትጽፊው አንቺ ነሽ። እኔ እዚህ ጥላው ሥር እሆናለሁ።»

ክንዷ ቀድሞ ተዘርግቷል። ያን ጊዜ ነው የከድጃ ጥላ የገባኝ። ከድጃም የማዳሟ ልጆች ሲጎበኙ ቦርሳቸውን አቅፋ እዚሁ ነው የተቀመጠችው። የጠዋቱ ንዴት በሙሉ ባንዴ ወጣብኝ።

«ዛሬ ቦርሳ የምይዘው እኔ ነኝ! ግቢ አልኩሽ!»

«ብቻዬን?»

«ብቻሽን!»

ጥቂት ሄዳ ተመለሰችና ጫማ ይወለቅ እንደሆነ ዘበኛውን ጠየቀችው። አይወለቅም አላት። ገባች።

እኔ ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። ጥላው በእውነት ጥሩ ነው፤ ከወንዙም ነፋስ ይመጣል።

11 ሰዓት፣ ሃፍላ ውስጥ

መቀመጫ ካገኘን በኋላ ነው ወሬ የጀመራት።

«ከድሮ ቤተ ክርስቲያን ያመጡት ግድግዳ አለ፣ እትዬ። የተሳሉት ሰዎች ዓይናቸው ትልልቅ፣ እንደ አገራችን ሥዕል። ፊቱ ጠይም የሆነ ንጉሥ አለ፤ ዝም ብሎ ያየኛል። እኔም ቆሜ አየሁት። ማንም ነይ፣ ሂጂ፣ አምጪ ያለኝ የለም።» ደግማ «ማንም» አለች።

አዛኑ ሲጀምር ማዳሟ በር ደረስን። አቅፌያት ሳልጠግብ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

እሑድ ማታ፣ ኮምቦልቻ

እናቴ ቦርሳዬን እንኳ ሳልጥል «ያ ጠይሙ ንጉሥ አንቺንም ዓይን ዓይንሽን አየሽ?» አለችኝ። ሰዓዳ ደውላ ሁሉንም ነግራታለች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ አሉ። እኔ ያየሁት ዛፉን ብቻ ነው። ለጋዜጣችን አንባቢም የካርቱም ምክሬ ይኸው ነው፦ አባይ ዳር ያለውን ሙዚየም ሳታዩ እንዳትመለሱ። ማሻአላህ ነው። ጥላ አለው።