የየሺአረግ የሆላንድ አበባ

ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነችው የሺአረግ ግቢዋ ውስጥ «ሉፒን» የምትለውን አበባ ታበቅላለች። «ከሆላንድ የመጣ አበባ ነው» ትለናለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። ነጭ ሆኖ ጫፉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ቀጥ ብሎ የሚያብብ ነገር ነው። ያምራል፣ ምን ይደረግ።

እኛም ቀናን። ዘሩን ሰጠችን፣ አስተዳደጉን ግን ዋጥ አደረገችው። ፍግ በመኪና አስጭነን፣ ችግኝ አፍልተን፣ አዛውረን፣ ጠዋት ማታ ውኃ ስናጠጣ ሥሩ በሰበሰ። የእሷ ዘር ተነክሮ አድሮ በቀጥታ ጠጠራም አፈር ላይ ይዘራል፤ ፍግ አይነካውም፣ ውኃም እንደ ነገሩ ነው። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ያኔማ «እጅ ይለያያል» እያለች ታጽናናን ነበር። እንዴት እንዳበገነችኝ!

ልጇን ማኅደርን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች በመጡ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራ። የሺአረግ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ የገጠሬ ልጅ ተብላ ማኅደር በአማቶቿ ፊት እንዳትናቅ። ባሏ ከሞተ ወዲህማ «እኛ የቦሌ ሰዎች ነን፤ ገጠር ዘመድ የለንም» ማለቱን እንደ ጸሎት ይዛዋለች።

ነገሩ አምሮ «እሺ» ተባለ። ሊሄዱ ሲነሡ የሙሽራው አጎት አቶ አብዲሳ ከአበባው ሥር የደረቀ ፍሬ ቀጠፉ። ባቄላ መስሏቸው ፈልፍለው አፋቸው ውስጥ ጣሉት።

«ይትፉት!» ብላ ጮኸች የሺአረግ። «ግብጦ ነው! መርዝ አለው፤ ሳይቆላ፣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ቀናት ሳይከርም ይበላል እንዴ?»

አረቄ ቤት የሚቆረጠመው ግብጦ ነው ለካ የሆላንዱ አበባ!

አቶ አብዲሳ እንትፍ እንትፍ ብለው፣ «ይህን የት ተማሩት?» አሏት።

«ዳንግላ» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። «ያደግሁት እዚያ ነው።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ማኅደር ግን አልሳቀችም።

«ዳንግላ ማን አለን፣ እማዬ?»

የሺአረግ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች። «እናቴ አለች፤ አያትሽ።»

ልጅቷ አንጀቴን በላችው።

አቶ አብዲሳ አፋቸውን ጠርገው ተመልሰው ተቀመጡ።

«እሺታችሁን መልሳችሁ ውሰዱት» አሉ። «አያቷ በሕይወት እያሉ እዚህ አንጨርስም። መንገዱን ይምሩን፤ ዳንግላ ሄደን እሳቸውን እንጠይቃለን።»