ሄይል ሜሪና የእናቴ ስልክ ቁጥር

ለማታውቁት ሰው ደውላችሁ «እናቴን አይተዋታል?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ከከተማችን ከሐይቅ በወጣሁበት ማለዳ እናቴ ዘሃራ ከሽንኩርት ማሳዋ ጭቃ እጇን ሳትታጠብ መጥታ ሳመችኝ። «ስደውል አንሳ፣ ስትደውል አነሳለሁ፤ ሌላ አልጠይቅህም» አለችኝ። የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ፤ ዓረብ አገር ስደርስ በአሜሪካኖች መዝናኛ ክበብ ጽዳት ሠራተኛ ሆንኩ። የዚህ አገር ሙቀት ባቲን ደጋ ያስብላል።

አሜሪካኖቹ ፉትቦል የሚሉት በእጅ የሚወረወር ነው። የመምህር ነገር፣ ቃላታቸውን በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። አንድ ቀን አለቃዬ በእጄ የያዝኳትን ኳስ «ፒግስኪን» አላት፤ የአሳማ ቆዳ ማለት ነው። ጥያት ሮጥኩና በእስልምናችን ደንብ እጄን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ታጠብኩ።

«የላም ቆዳ ናት እኮ! ስሟ ብቻ ነው!» አለ እየሳቀ።

«ታዲያ ላሟ ምን አድርጋችሁ ነው ስሟን የነፈጋችኋት?»

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ገባ። የእናቴ ስልክ ተዘጋ። አለቃዬ በሥራ ሰዓት ስደውል ያዘኝ።

«ከተማህ ተይዟል አላልክም? ጋርቤጅ ታይም ነው፤ ወለሉን ጥረግ።» ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚቀረውን፣ ማንም የማይመለከተውን ጊዜ ነው እንዲህ የሚሉት።

«አይደለም፤ ሄይል ሜሪ ነው» አልኩት። ይህ ደግሞ ተሸናፊው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ኳሷን አርቆ ወርውሮ፣ የሚይዛት እንዲገኝ የሚለምንበት ነው። ስሙ የማርያም ጸሎት ነው፤ እኛ አገር ሙስሊሟም ምጥ ሲይዛት የምትጠራት ማርያም።

አለቃዬ ሰዓቱን ተመለከተ። «አሥር ደቂቃ» አለኝ።

እናቴ ሲም ካርዷን የገዛችው በገበያ ቀን፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ተሰልፋ ነው። ስለዚህ ከቁጥሯ አጠገብ ያሉት ቁጥሮች የሐይቅ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱ መካከል የሸሸ አይጠፋም። የመጨረሻዋን አሃዝ እየቀየርኩ ደወልኩ። ስምንቱ ዝግ ናቸው። ዘጠነኛውን አንዲት እናት ደብረ ብርሃን ካለ መጠለያ አነሱት።

«ዘሃራን ያውቋታል? ሽንኩርት የምትተክለውን?»

«አንተ መምህሩ ነህ? አብሽር የኔ ልጅ። ስንወጣ ደህና ነበረች።»

«አብራችሁ አልወጣችም?»

«ለመንናት። ስልኳ ከሐይቅ ውጭ የሚሠራ አልመሰላትም፤ ‹ልጄ የሚያውቀኝ እዚህ ነው፤ ሲደውል ማን ያነሳለታል?› ብላ ቀረች።»

ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም። እናንተም የሐይቅ ስልክ ሲዘጋባችሁ የመጨረሻዋን አሃዝ ቀይራችሁ ሞክሩ። የሚያነሳ ከተገኘ የራሳችሁን ጠይቁ፤ ሳትዘጉት ግን ዘሃራንም ጠይቁልኝ።