የነነዌ ሰሞን ቅቤ

ለጋ ቅቤ ሲሸተው ሰው ሁሉ ዓመት በዓልን ያስታውሳል፤ እኔ ግን ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተገለልሁ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ፣ በገበያ መካከል ሳልፍ ያ ሽታ ድንገት ሲመጣብኝ የሚታየኝ የተዘጋ በር ነው። በሩ አባቴ ደሴ ላይ ያገለግሉበት የነበረው የጸሎት አዳራሽ በር ሲሆን፣ በላዩ ላይ የጣሊያን ሹማምንት ያተሙበት ቀይ ሰም ነበር። ያ በር እንዲከፈት ቤተሰባችን ከክረምት እስከ ክረምት ደጅ ጠንቷል። ወደዚህ ጉዳይ እንዴት እንደ ገባን በቅድሚያ ማስረዳት ይገባኛል።

አባቴ መምህር ተወልደ የሐማሴን ሰው ነበሩ። ወላጆቻቸውን በሕፃንነታቸው አጥተው በሚሲዮን ቤት አድገው፣ እዚያው ፊደል ቆጥረው፣ እንደ እርሳቸው እዚያው ያደጉትን እናቴን ወይዘሮ ለተብርሃንን አግብተው ሲኖሩ፣ ደሴ ላይ ትምህርት ቤትና የጸሎት አዳራሽ የከፈቱ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ባልና ሚስት ሚሲዮናውያን ረዳት ሰባኪ ፈልገው ጠሯቸው፤ እኔንና ታናሽ እኅቴን ይዘው መረብን ተሻግረው ወደ ወሎ መጡ። ያን ጊዜ መረብን መሻገር ከአንድ መንግሥት ግዛት ወጥቶ ወደ ሌላ መንግሥት ግዛት መግባት ስለ ነበር፣ አባቴ ራሳቸውን ወደ ውጭ አገር እንደ ተላከ ሐዋርያ ይቆጥሩ ነበር። ብዙም ሳንቆይ ጣሊያን ገባ። ፈረንጆቹ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙና፣ የአዳራሹን ቁልፍ ለአባቴ አስረክበው፣ እናቴን አቅፈው አልቅሰው ሄዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወታደሮች መጥተው አዳራሹን አሸጉት፤ ቁልፉ ግን በአባቴ ኪስ ቀረ። የማይከፍት ቁልፍ ይዞ መዞር ሰውን እንዴት እንደሚያደክም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲሸፍን፣ አባቴ በጭቃው ውስጥ ሄደው የአዳራሹን መስኮት በእጅጌያቸው ጠርገው ወደ ውስጥ ይመለከቱ ነበር። ጣሪያው ያፈስ ጀምሯል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስባቸው በእግር እየተረገጠ የሚነፋው ኦርጋን ነበር፤ «እስረኛው ዛሬም በሕይወት አለ» እያሉ ይመለሱ ነበር። ምእመናኑ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ጥቂት ሸማኔዎችና አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበሩ፤ እነርሱም እሑድ እሑድ በአዳራሹ አጠገብ እንደ መንገደኛ ቀስ ብለው እያለፉ፣ ከአባቴ ጋር በዓይን ብቻ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር፤ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበርና።

በከተማው ዘንድ እኛ ምን እንደ ሆንን በውል የሚያውቅ አልነበረም። ክርስቲያኑ ማተብ የለንም ብሎ ይሸሸናል፤ እስላሙ ክርስቲያን ናቸው ይለናል፤ ሌላው ደግሞ ሐማሴኖች ስለ ሆንን የጣሊያን ሰዎች ናቸው ብሎ ያማናል፤ ጣሊያኑ በበኩሉ የፈረንጅ ሚሲዮን ሰላዮች ናቸው ብሎ ይጠረጥረናል። በወሎ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ እስላሙም እስላም ያረደውን ብቻ ይበላልና፣ የሰፈሩ ልጆች አንድ ቀን ከበቡኝ።

«ሥጋችሁ የማን ነው? የእስላም ነው የክርስቲያን?»

«ከሁለቱም እንበላለን» ስል ተያዩ።

«እንግዲያው ጅብ ናችኋ!» አሉና እስኪደክማቸው ሳቁ። ለብዙ ወራት «ጅቦ» የሚለው ስም አልለቀቀኝም።

መስከረም ጠብቶ አደዩ በየአጥሩ ሥር ሲፈነዳ፣ አባቴ አዳራሹ እንዲከፈት በጣሊያኖቹ ጽሕፈት ቤት ደጅ መጥናት ጀመሩ። ጠዋት ጫማቸውን ወልውለው ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ በአስተርጓሚው «ነገ ይምጡ» ተብለው ይመለሳሉ። እኅቴና እኔ ይህን እያየን ጨዋታ ፈጠርን፤ እርሷ ከተገለበጠ ቅርጫት ጀርባ ትቀመጣለች፣ እኔ የአባቴን ባርኔጣ ይዤ እቆማለሁ፣ እርሷ ቀና እንኳ ሳትል «ነገ ተመለስ» ትላለች። እናቴ አንድ ቀን ይህን አይተው ሳቁ፤ ከዚያም ሳቃቸውን አቋርጠው ወደ ጓዳ ገቡ።

በታኅሣሥ ወር መጨረሻ አንድ የሚጨበጥ መልስ ተገኘ። የጽሕፈት ቤቱ አለቃ የነበረው ጣሊያናዊ ካፒቴን ጉዳዩን ተመልክቶ፣ የሰፈሩ ሹም ግራዝማች አያሌው «ተቃውሞ የለኝም» ብለው ከመሰከሩ አዳራሹ እንዲከፈት ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ እስከ ሰኔ ድረስ ምስክርነቱ ካልተገኘ ግን ሕንፃው የመንገድ ሥራ ሲሚንቶ ማከማቻ እንደሚሆን አስታወቀ። አባቴ በደስታ በማግስቱ ወደ ግራዝማች ቤት ገሠገሡ፤ ግራዝማችም በረንዳ ላይ አቁመው ካነጋገሯቸው በኋላ «እስቲ አየዋለሁ» ብለው አሰናበቷቸው። ሁለተኛም ሄዱ፤ «እስቲ አየዋለሁ» ተባሉ።

«ባዶ እጅዎን ነው የሚሄዱት?» አሉ እናቴ።

«ታዲያ ጉቦ ይዤ ልሂድ? የወንጌል ሰው ነኝ!»

«እጅ መንሻ ጉቦ አይደለም። ሰው ቤት ባዶ እጅ የሚገባ ተሳዳቢ ነው፤ እኛ ሚሲዮን ቤት አድገን ነው እንጂ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

አባቴ ሳምንታት ያህል ከራሳቸው ጋር ተሟግተው፣ ጥምቀትም አልፎ፣ በመጨረሻ ተሸነፉ። ነገር ግን ስላፈሩ ለማንም አልተናገሩም። በጎረቤታችን የሚኖሩት የሼህ ይማም ባለቤት እትዬ ዘሃራ ሰኞ ገበያ ቅቤ ይነግዱ ስለ ነበር፣ አባቴ ለምን እንደሚፈልጉት ሳይገልጹ አንድ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ ገዙ። ቅቤው በዚያ ቀን እጅግ ረክሶ ነበር። አባቴ ቅሉን ታቅፈው ገብተው «ተመልከቺ፣ እግዚአብሔር መንገዱን ሲያቀና!» አሉ፤ ለምን ረከሰ ብሎ የጠየቀ ከቤታችን አንድ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ማክሰኞ አራታችንም ተጣጥበን፣ ንጹሕ ለብሰን፣ ወደ ግራዝማች ቤት ሄድን። ቅቤውን እናቴ፣ እንቁላል የሞላውን ሌማት እኔ ይዘን ነበር። ግራዝማች ነጠላቸውን ተከናንበው ከንስሐ አባታቸው ጋር ተቀምጠዋል፤ እጅ መንሻ መምጣቱን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ አስገብተው መቀመጫ አስቀረቡልን። ከዚያ አሽከራቸው የቅሉን ክዳን ከፈተው። የለጋው ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ፤ አሽከሩም ክዳኑን በእጁ እንደ ያዘ ቀረ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ለጋ ቅቤ ነው፣ ጌታዬ። ትናንት ከገበያ የተገዛ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ» አሉ አባቴ።

ከጓዳ አንዲት ልጅ ሳቋ አመለጣትና ወዲያው አፏን ያዘች። ግራዝማች ግን አልሳቁም።

«ማክሰኞስ ማክሰኞ ነው። አንተ ዮናስን ትሰብካለህ ሲሉ እሰማለሁ። ዓሣ አንበሪው ከተፋው በኋላ ያለውን አላነበብኸውም? ነነዌ ከትልቅ እስከ ትንሽ ጾመ፣ ከብቱ ሳይቀር ጾመ ነው የሚለው። ከብት የጾመውን ጾም አንተ ቅቤና እንቁላል አሸክመህ ልትስቅብኝ ቤቴ ድረስ መጣህ?»

አባቴ መጽሐፈ ዮናስን ለእኔና ለእኅቴ ከዳር እስከ ዳር በቃላችን አስጠንተውን ነበር። ግራዝማች የጠቀሱትን ቃል በልቤ እየተከተልሁ ስሰማ አንዲት አልተሳሳቱም። የነነዌ ጾም በየዓመቱ ቀኗ እንደሚለዋወጥ፣ በዚያ ዓመትም ቀደም ብላ ከአስተርዮ ማርያም ማግስት እንደ ገባች፣ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ጾም በማይጾምበት፣ የጾም ቀን በማይቆጠርበት ቤት ያለነው እኛ ብቻ አላወቅንም። አባቴ ቅሉን ከአሽከሩ ተቀብለው ለእናቴ ሰጡ። ሌማቱን መልሰው አሸከሙኝና ወጣን።

ወደ ቤታችን ስንቃረብ እናቴ «በእኛ ቤት የሌለ ነገር በሰውም ቤት የሌለ መሰለን» አሉ፤ ያን ቀን የተነገረው ይኸው ብቻ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ነገሩን ሲሰሙ ደረታቸውን ደቅተው መጡ። «ውይ በሞትሁት! እኔ እኮ ለራሳችሁ መስሎኝ! እናንተ እንደሁ አትጾሙ። ክርስቲያኑ ጾም ባይገባ ኖሮ ቅቤዬ እንዲህ ይረክስ ነበር? ወላሂ አንድ ቃል ብትነግሩኝ ማር አዘጋጅላችሁ ነበር፣ ማር!» አባቴ ቅቤውን እንዲወስዱት ቢለምኗቸው እንቢ አሉ። ቅሉ በጓዳችን ጥግ ተቀምጦ ሽታው እየተለወጠ ሰነበተ፤ ማንም ሊበላው አልወደደም።

በሳምንቱ ግራዝማች ጽሕፈት ቤት ቀርበው፣ ይህ ሰው በሰው ጾም የሚያፌዝ፣ የሰፈሩን ሰላም የሚያደፈርስ ነው ብለው መሰከሩ። ሁዳዴ ገባ፤ አባቴም ከዚያ በኋላ በጾሙ ወራት ወደ ግራዝማች ደጅ አልደረሱም።

ፋሲካ አልፎ የበልግ ዝናብ ሲያካፋ፣ ሼህ ይማም ሌሎች ሽማግሌዎችን አስከትለው፣ አባቴንም ይዘው ለእርቅ ሄዱ። እኔም ከእናቴ ጋር ነበርሁ። ሼህ ይማም «ቅቤው ከእኔ ቤት የወጣ ነው። ይህ ሰው አላወቀም እንጂ አልሳቀብዎትም» ብለው አስረዱ። ግራዝማች ወደ አባቴ ዞሩ።

«እኔን የከፋኝ እርሱ ነው፣ መምህር። ብትስቅብኝ ኖሮ አውቀኸኝ ነው። ሳታውቀኝ ልታስተምረኝ መምጣትህን ምን ልበለው?»

አባቴ ከግራዝማች እግር ሊወድቁ ዝቅ ሲሉ፣ ግራዝማች ክንዳቸውን ይዘው አስነሷቸው። ይቅር ተባባሉ። ግራዝማችም ቃላቸውን አክብረው በማግስቱ ጽሕፈት ቤት ሄደው «ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ» አሉ። እኛም ያን ቀን አዳራሹ የተከፈተ ያህል ተደሰትን፤ እናቴ የኦርጋኑ መሸፈኛ የሚሆን ጨርቅ እንኳ አጥበው አሰጡ።

ነገር ግን የመጀመሪያው ምስክርነት ከካፒቴኑ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል ተባለ። አባቴ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲጠብቁ ውለው፣ ጉዳዩ ወደ ደሴ ተመልሷል ተብለው አቧራ ለብሰው መጡ። ደሴ ሲጠይቁ ኮምቦልቻ ነው አሏቸው። እንደገና ወረዱ፤ ካፒቴኑ ተዛውሯል፤ አዲሱ ሹም ጉዳዩን ከመጀመሪያው ልይ አለ። ይቅርታ የሰጠው ሰው ይቅርታውን ሰጥቷል፤ ይቅርታው ግን የት ጽሕፈት ቤት እንደሚገባ የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ በንዴት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማኋቸው በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ነው፤ የሚቆጡትም ባዶውን ግድግዳ ነበር።

የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ የክረምቱ ደመና ሲከብድ፣ አንድ ጠዋት ሰሙ ተነሣና በሩ ተከፈተ፤ የገባው ግን ሲሚንቶ ነው። ወታደሮቹ ኦርጋኑን አውጥተው ዝናብ ላይ አስቀመጡት። ሼህ ይማም አህያ ይዘው መጡ፤ ግራዝማች አያሌውም ከአሽከራቸው ጋር መጥተው፣ ሳይጠሩ፣ በአንድ ወገን ተሸከሙት። አባቴ መሃል መንገድ ላይ ቆመው «እርስዎ ይተዉት፣ ጌታዬ» ሲሉ፣ ግራዝማች «ዛሬ ፍስክ ነው፣ ጉልበት አለኝ» ብለው መለሱላቸው። በዚያ ሁሉ ወራት አባቴ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም ወደ ኮምቦልቻ ወርደን፣ አባቴ በጭነት መኪናዎች ማደሪያ ዕቃ ተቆጣጣሪ ሆነው ተቀጠሩ፤ እሑድ እሑድም እኛ አራታችን ብቻ በቦርከና ወንዝ አጠገብ በተከራየነው ቤት፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምር ነበር። ኦርጋኑ ውኃ ገብቶት አንዳንዱ ድምፁ ጠፍቶ ነበርና፣ የጠፋውን ድምፅ እናቴ በአፋቸው ይሞሉለት ነበር። ማርና ቅቤ የሚለየውን የጾም ዘመን መቁጠር ግን አባቴ ከዚያ ጀምሮ አንድም ዓመት አልተዉም፤ ራሳቸው ባይጾሙም፣ ረመዳኑንም የክርስቲያኑንም ጾም ለይተው ያውቁ ነበር።

እኔ ከጊዜ በኋላ ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ሹም ሆኜ ስሠራ፣ በሁለቱም ሃይማኖቶች የጾምና የበዓል ቀናት ያሉበትን መቁጠሪያ በጠረጴዛዬ ፊት እሰቅል ነበር፤ የማይመለከተኝን ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ የምወስደው ራሴ እንጂ ባለጉዳዩ አልነበረም፤ ይህንንም ሳልደብቅ እኮራበታለሁ። ዛሬ ከደሴ ፒያሳ ወረድ ብዬ በባጃጅ ስሄድ፣ የሁሉም ዓይነት ጸሎት ቤት በድምፅ ማጉያ ሲዘምር እሰማለሁ፤ የሰፈር ሹም ምስክርነት የሚጠይቅ የለም፤ ነነዌ ስትገባም ሬዲዮው አስቀድሞ ይናገራል። ቢሆንም አንዱ ጸሎት ቤት የጎረቤቱን ስም ያውቅ እንደ ሆነ እጠራጠራለሁ፤ በዝናብ ኦርጋን የሚሸከምለት ይኖረው እንደ ሆነም እንዲሁ። የአባቴ ማመልከቻ ግን ሲሚንቶው ከመግባቱ አስቀድሞ መልስ አግኝቷል፤ አስተርጓሚው በኮምቦልቻ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቆሞ ያነበበላቸው ቃል «አልተፈቀደም» የሚል ነበር፤ ዕለቱም ሰኔ ሚካኤል፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓመተ ምሕረት።