ኬላው ላይ የቀረው የዝሆን ጥርስ

ለትምህርት ቤታችን የታሪክ ሳምንት የዝሆን ጥርስ አስፈለገኝ።

ጎንደር ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ለማሳመን በጣም የሚቸግረኝ ግንቡ ብቻውን የቆመ ድንጋይ አለመሆኑን ነው። ነገሥታቱ በነበሩበት ዘመን ሲራራ ነጋዴ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና የጥርኝ ሽቶ ዝባድ ከደቡብ አገር ጭኖ ጎንደር ይገባ ነበር። ከዚህ ደግሞ በሰሜን ተራሮች በኩል ምጽዋ ይወርዳል፤ ከምጽዋ በመርከብ አረብ አገርና ህንድ ይሻገራል። መርከቡ ሲመለስ ሐር፣ ቁንዶ በርበሬና ብርጭቆ ይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ ስናገር ተማሪዎቼ በመስኮት ባጃጅ ያያሉ።

ስለዚህ በዓይናቸው ላሳያቸው አሰብኩ። አራት አህያ ጭነን፣ እንደ ጥንቱ ነጋዴ ለብሰን፣ ከጠዳ ተነስተን ግንቡ በር ድረስ በእግር እንሄዳለን። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ተስማማ። ባሪያም በዚያው መንገድ እየተነዳ ይሸጥ እንደነበር ስናገር ግን ሰብሳቢው፣ «እሱ ለበዓል አይመችም» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ከዕቅዴ ላይ ሰረዙት። ለወርቁ ናስ ተገኘ። ለዝባዱ እንደ ጥንቱ የከብት ቀንድ ውስጥ ቅቤ ሞላን። የቀረው የዝሆን ጥርሱ ነበር።

ቁስቋም ከቤቴ ጎን ለቤተ ክርስቲያን መቋሚያ የሚጠርቡ ሽማግሌ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ አያ ይላቸዋል። ሄጄ ለመንኳቸው።

«ዝሆን አይቼ አላውቅም፣ አንቺ ልጅ» አሉኝ።

በስልኬ ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ ቆይተው አዩት።

«ይኼ ቀንድ ነው ጥርስ?»

«ጥርስ ነው አያ።»

«ታዲያ ምነው ከአፉ ውጭ ሆነ? ምን ይበላበታል?»

ሥራውን ግን ተቀበሉ። የመጀመሪያውን ሲያሳዩኝ፣ አፌ አያርፍም፣ «የበሬ ቀንድ ይመስላል» አልኩ። አራት ቀን ሰላምታ ነሱኝ። በአምስተኛው ቀን ራሳቸው ጠሩኝ። የዋንዛ ግንድ ጠርበው፣ አለስልሰው፣ ኖራ በእንቁላል ለውሰው ቀብተውታል፤ በላዩ ሰም አሽተው ጫፉን በሻይ ውሃ አጠይመውታል። ስነካው ቀዘቀዘኝ።

«ሸጋ ነው?»

«ሸጋ ነው አያ።»

በዕለቱ አያ ከጥርሱ አልለይም ብለው ከአህያው ጎን ጎን ተጓዙ። ከጠዳ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አንድ የፍተሻ ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ ትሁት ወጣት ነው። ናሱን አየ፣ ቅቤውን አሸተተ፣ ከዚያ ጥርሱ የተሸፈነበትን ጨርቅ ገለጠ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የዝሆን ጥርስ» አሉ አያ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

«እንጨት ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ለትምህርት ቤት በዓል የተሠራ።»

ፈታሹ በጣቱ አንኳኳው፤ አንስቶ መዘነው፤ ጉንጩን አስጠጋበት። «መምህር፣ የሚያዝ ሰው ሁሉ እንጨት ነው ይላል።»

«አያ፣ ይንገሩት እንጂ! እርስዎ አይደሉ የሠሩት?»

አያ እኔን አላዩኝም። ልጁን ነበር የሚያዩት። «ላንተ ምን ይመስልሃል?»

«የዝሆን ጥርስ።»

«ከልብህ ነው?»

«አባቴ፣ በሥራዬ አልቀልድም።»

የአያ ዓይን እንባ አቀረረ። «እንግዲህ እሱ ካለ፣ ነው» አሉ።

ትንሽ በቢላ እንፋቀውና እንይ ብዬ ለመንኩ። ፈታሹ፣ «ማስረጃ ማበላሸት ክልክል ነው» አለ። አያ ደግሞ፣ «ቢላ የሚያስነካው የለም!» ብለው ከልጁ ጎን ቆሙ። ሁለቱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ሆንን። አህዮቹ ሣር መጋጥ ጀመሩ።

ቅጽ ወጣ። «ከየት ነው የመጣው?» «ከቁስቋም።» «ወዴት ነው የሚሄደው?» በጣም ተናድጄ ነበር፤ የታሪክ አስተማሪነቴም አለቀቀኝም። «ወደ ምጽዋ!» አልኩ። ጻፈው። «ከዚያስ?» «ህንድ!» እሱንም ጻፈው። ጽፎ ሲጨርስ ቀና ብሎ አዘነልኝ። «መምህር፣ ይኼማ ወደ ውጭ ማስወጣት ሆነ። ክሱን ያከብደዋል።»

ጥርሱ ቀረ። እኛም ናስና ቅቤ ጭነን ጎንደር ገባን። ፀሐዩ ቅቤውን አቅልጦት አንዷ አህያ እስከ ጆሮዋ ወዝታለች፤ ሕዝቡ ግን አጨበጨበ።

በሳምንቱ ተጠርቼ ሄድኩ። ፈታሹ መላ አገኘ፤ ሽማግሌው እዚሁ ፊቱ ተቀምጠው ያንኑ የሚመስል ከሠሩ እንጨት መሆኑ ይታመናል። አያ ጉቶና መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ቀን ኬላው ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠረቡ። ፈታሹ ሻይ ያመጣላቸዋል፤ ሾፌሮች እየወረዱ ያያሉ። በሦስተኛው ቀን አስረከቡት። ልጁ ሁለቱን ጎን ለጎን አጋድሞ ሲያይ ቆየ።

«ይኼኛው እንጨት ነው» አለ። «ያኛው ግን እውነተኛ ነው።»

እውነቱን ነው። አዲሱ ወገቡ ላይ ያለልክ ጎብጧል፣ ኖራውም ዥጉርጉር ሆኗል። ስንመለስ፣ «አያ፣ ሆን ብለው ነው ያበላሹት?» አልኳቸው።

«የፊተኛው ቢመለስ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ። «አንቺ ሳጥን ውስጥ ትከቺዋለሽ። እነሱ መጋዘን ግን በዘበኛ ይጠበቃል።»

ክረምቱን በሙሉ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላለስኩ። ህንድ ውስጥ ማንን እንደማውቅ ተጠየቅኩ። መስከረም ላይ ደብዳቤ ደረሰኝ። እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ፤ «ተይዞ የነበረው የዝሆን ጥርስ በዝናቡ ምክንያት ወደ እንጨትነት የተለወጠ ስለሆነ ባለቤቱ ቀርቦ እንዲረከብ» ይላል። የመጋዘኑ ጣራ ያፈስ ኖሯል። ጥርሱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ የዋንዛው ግንድ ይታያል።

ፈታሹ አንገቱን ደፍቶ ነው ያስረከበን። «አባቴ፣ ይቅርታ» አለ።

«ምነው? አንተ ምን አጠፋህ?» አሉት አያ። «ዓይንህ አልተሳሳተም። ጣራው ነው።»

ግንባሩን ሳሙት። እኔ ላይ ተናድደው እንደሆነ ፈርቼ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ጥርሱን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አዘዞን እስክናልፍ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱ ነበር። ላጽናናቸው ብዬ ያን ያህል ጊዜ የመንግሥት ሰው ማሳመናቸው ቀላል እንዳልሆነ ነገርኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰሙን ከውጭ ብቻ ቀባሁት» አሉኝ። «ከውስጥ ማጠጣት ነበረብኝ።»