ቁርጥ የሚበላው በሬ

በሰው አገር፣ ቡኮቶ ሰፈር ያለው የሐበሻ ምግብ ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ የካትዌ ሰፈር ሠዓሊ ክራቫት ያሰረ፣ ቁርጥ የሚበላ ሳቂታ በሬ ሥሎልኝ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ አንድ ደንበኛ፣ "ይሄ በሬ ጾሙን ሊገድፍ ነው እንዴ?" ብሎ ቀለደ። እስከ ፋሲካ በመጋረጃ መሸፈን ይበቃ ነበር። እኔ ግን ድሮም ተራ ነገር ነው ብዬ አፍርበት ስለነበር፣ ጾሙን ሰበብ አድርጌ ነጭ ቀለም ለቀለቅኩበት።

አሁን እንዲህ ያለ የመንገድ ሥዕል ተወዷል፤ ሰው ከሀብታሞቹ ሰፈር ከናካሴሮ ድረስ በቦዳ ሞተር እየመጣ፣ ሥዕል ባለበት ቤት ሁሉ ፎቶ ይነሳል። ባለፈው ሠዓሊው ራሱ የመጀመሪያ ሥራውን ሊያሳይ አድናቂዎቹን አስከትሎ መጣ። ነጩን ግድግዳ አየ፤ በር ላይ የቆምኩትን እኔንም አየኝ።

"ይቅርታ፣ ቤቱ ተሳስቶብኛል" አላቸው።

እኔ አያፍሬዋ ደግሞ፣ "አዎ፣ እዚህ አይደለም" አልኩ።